ዳኛው የሳቁ ቀን

ከጌዶ ወደ አምቦ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ጎናቸው ያሉትን ሽማግሌ ጠየቁ።

«ኦቦ፣ ለቅሶ ነው?»

«አዎ፣ አዴ። የጠበቃችን ቀብር ነው። ባላባቱ ከመሬታችን ሊነቅሉን ሲሉ የተሟገተልን እሱ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ችሎቱ በአማርኛ ብቻ ነበር፤ እኔ በአፋችን በኦሮምኛ ስናገር፣ አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ዳኛው ሳቁ።»

«ምን ብለው አሳቋቸው?»

«‹መሬቱን ያለማሁት እኔ ነኝ ይላሉ እኒህ ጌታ፤ በሬዎቼ ግን አያውቋቸውም› ብዬ።»

«ጠበቃውስ?»

«ብድግ አለና ‹ክቡር ዳኛ፣ ከገባዎትማ ሰውየው በራሱ አፍ ይናገር› አላቸው።»

«ፈቀዱ?»

«ፈቀዱ እንጂ! አባቴ ድሮ በአስተርጓሚ አፍ ተረታ፤ እኔ በራሴ አፍ ረታሁ።»

መውረጃዬ ጉደር ነበር፤ ከሽማግሌው ጋር አምቦ ድረስ ሄድኩ።