የሚፈስ ውሃ አይረክስም ያሉት ሹፌር

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ታሞ የሰነበተ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ከዲላ በሞተር ብስክሌት ከይርጋጨፌ አለፍ ብላ ወዳለችው የኮንጋ መንደር ስሄድ፣ ከመንደሩ በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ ግማሽ መንገዱን የያዘ መኪና ቆሞ አገኘሁ። ከሩቅ ሲታይ ሕዝብ የሚያመላልስ ቅጥቅጥ ነበር። ቀረብ ስለው ግን መስኮቶቹ መጋረጃ ለብሰዋል፤ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ተጭኗል፤ በክፍቱ በር በኩል የተነጠፈ አልጋና የጋዝ ምድጃ ይታያል። መኪና ቆሞ አይቶ «ተበላሸባችሁ?» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነውና እኔም ሞተሬን አጠፋሁ።

ከመኪናው አጠገብ ሁለት ሰዎች ተፋጠው ቆመዋል። አንዷን አወቅኋት። ትንቢት ትባላለች፤ ኬሚስትሪ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ጤና ተምራ ወደ ተወለደችበት ቀበሌ ተመልሳ በጤና ኬላው ትሠራለች። ሁለተኛው ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ትከሻ ሰፊ አዛውንት ናቸው። በእግራቸው ሥር ጎማና እጀታ ያለው ግራጫ የፕላስቲክ ሣጥን ተቀምጧል።

«መምህር፣ እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት!» አለች ትንቢት። «እኚህ አባት ይህን ሣጥን ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ሊደፉት ነው።»

«ሣጥኑ ምን ይዟል?» ብዬ ጠየቅሁ።

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው… ከሰው የማይቀር ነገር ነዋ!»

ከመኪናው ውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ሽንት ቤቱ ሞልቶ ነው በላቸዋ! ምን ያንተባትብሃል?»

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠልኝ። አዛውንቱ አቶ ግዛቸው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲያሽከረክሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ያረጀ ቅጥቅጥ ገዝተው ቤት አደረጉት። አሁን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር አገር ይጎበኛሉ። «አገሩን ሁሉ በመስታወት አየሁት እንጂ ወርጄ አላየሁትም ነበር» አሉኝ። መኪናው ውስጥ ያለው መጸዳጃ የሚወጣውን ሁሉ ከሥሩ ባለው በዚያ ሣጥን ያጠራቅማል። ሣጥኑ ሲሞላ በጎን ባለች ትንሽ በር ተስቦ ይወጣና የሆነ ቦታ ይደፋል። ጠቡ የተነሣው «የሆነ ቦታ» በምትለው ላይ ነው።

«ልጄ» አሉ አቶ ግዛቸው በለሰለሰ አንደበት፣ «ተምረሻል፤ እሰየው። እኔ ግን ከሞያሌ እስከ መተማ ነድቻለሁ። መንገደኛው ሲጨንቀው አውቶቡሱን ጥግ አስይዤ ‹ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ› እል ነበር። ምድር ዋጠችው፣ ፀሐይ አደረቀችው፣ አለቀ። በዚህ የተነሣ ማን ሞተ?»

«ጋሼ፣ የሞተውን ማን ነግሮዎት ያውቃል?» አለች ትንቢት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አውቶቡሱ ሄደ፤ ተቅማጡ ግን ከመንደሩ ጋር ቀረ። መንገደኛ ትቶት የሄደውን ለማየት ተመልሶ አይመጣም።»

«እሺ፣ እሱ ሜዳ ነው። ይህ ግን ቦይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይሄድበታል። የሚፈስ ውሃ ደግሞ አይረክስም።»

«ውሃ ቆሻሻን ያጓጉዘዋል እንጂ አያጠፋውም። እርስዎ ሹፌር ነዎት፤ የጫኑት ዕቃ ከዓይንዎ ራቀ ማለት ጠፋ ማለት ነው? የሚራገፍበት ቦታ አለው። የዚህን ቦይ ማራገፊያ ላሳይዎት።»

እጅዋን ወደ ታች ዘረጋች። ቦዩ በቡናውና በእንሰቱ መካከል ተጠማዞ ይወርድና ከአንድ ጅረት ጋር ይገናኛል። ጅረቱን ሰዎች በግንድና በድንጋይ ከትረውት ኩሬ ሠርቷል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የጠቀለሉ ጎልማሶች አሁንም ጭቃ እየመረጉ ነበር።

«ነገ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን የውሃ ጥምቀት አለ» አለች። «ሰው ሙሉ በሙሉ ይጠልቅበታል። ታናሽ እኅቴ ሜሪ ነገ ትጠመቃለች። ከግድቡ በታች ደግሞ እናቶች በጀሪካን ይቀዳሉ።»

አቶ ግዛቸው ወደ ኩሬው ተመለከቱ። ሽማግሌ ግን በአንድ ምት አይወድቅም።

«እኔ እኮ እንዲሁ አልደፋም። ከውጭ የመጣ ሰማያዊ መድኃኒት ጨምሬበታለሁ። ሽታ እንኳ የለውም!»

እዚህ ላይ የእኔ ትምህርት ስለሆነ ገባሁበት። «አቶ ግዛቸው፣ እንዲህ ያለው መድኃኒት ሽታውን ይሸፍናል፣ ያለውን ያሟሟል፤ በሽታ አምጪውን ሁሉ ግን አይገድልም። አንዳንዱ እንዲያውም ራሱ መርዝ ነው። በጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያበሰብሱትን ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን ያዳክማል፤ ጅረት ውስጥ ሲገባማ አይጣል ነው። አልሸተተም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።»

«በሉ እዚያ እንሰት ሥር ቆፍሬ ልቅበረዋ!»

«እንሰቱ ባለቤት አለው» አለች ትንቢት። «ቦታውም ቁልቁለት ነው። በችኮላ የተቆፈረ ጉድጓድ አንድ ዝናብ ይበቃዋል፤ ገልጦ ይዞት ይወርዳል።»

«ታዲያ ልዋጠው?»

ከመኪናው ውስጥ ወይዘሮ አትጠገብ ከት ብለው ሳቁ። ትንቢትም ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና፣ «ለምን ይውጡታል፣ ጋሼ? ይርጋጨፌ እዚሁ ጀርባዎ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ያለው፣ ሲሞላም በመምጠጫ መኪና የሚያስመጥጥ ሆቴል አለ። ይጠይቋቸው» አለች።

አዛውንቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይህን ይዤ የሰው ደጅ ልቁም? ‹ጤና ይስጥልኝ፣ ሰገራዬን ላራግፍ መጥቼ ነው› ልበል? ልጄ፣ እኔ የተከበርኩ ሰው ነኝ!»

አንባቢ ሆይ፣ እውነተኛው ነገር የወጣው እዚህ ላይ ነው። ስለ ምድርና ስለ ፀሐይ፣ ስለ መድኃኒቱም የተነገረው ሁሉ መሸፈኛ ነበር። ሰውየውን የያዛቸው ዕፍረት ነው። ከሁላችንም የሚወጣውን ነገር በስሙ ጠርቶ «የት ልድፋው?» ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎን፣ ማንም ሳያየን ውሃ ላይ መድፋቱን ጨዋነት አደረግነው።

ትንቢትም የገባት መሰለኝ፤ ጠጋ ብላ በዝግታ፣ «ጋሼ፣ መጠየቅ አያዋርድም። አባቴም ሽንት ቤት ሲቆፍር ሰው ይስቅበት ነበር። ዛሬ የሳቁት ሁሉ ቆፍረዋል» አለች።

«እንግዲህ የሰው ደጅ አልቆምም! ይህ ሣጥን ጠብታ አያወጣም፤ እስከፈለግሁበት ቀን ልሸከመው እችላለሁ!» ብለው አቶ ግዛቸው ሣጥኑን በሁለት እጃቸው ብድግ አደረጉት። እንዴት እንደተዘጋ ሊያሳዩን ዘንበል አደረጉት። ለመድፋት ሲዘጋጁ ግን ክዳኑን አላልተውት ኖሯል። ክዳኑ ተፈናጥሮ ወደቀና ከሣጥኑ ውስጥ ሲሶ ያህሉ በቦዩ ዳር ላይ ተዘረገፈ።

በዚያው ቅጽበት በቡሌ ደጋ በኩል ነጎድጓድ ጮኸ። ቀና ስንል ሰማዩ ጠቁሯል።

«አፈር!» አለች ትንቢት። «መምህር፣ ከታች በኩል ቦዩን ዝጉት!»

አቶ ግዛቸው ከመኪናቸው አካፋ አወጡ። እኔ አካፋውን ተቀብዬ ከፈሰሰው በታች የአፈር ክትር ሠራሁ። ትንቢት እየሮጠች ወደ ጤና ኬላው ሄዳ ጓንትና ባዶ ማዳበሪያ ይዛ መጣች። ጩኸቷን ከኩሬው የሰማ አማኑ የሚባል የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። አማርኛው የጌዲኦኛ ቃና አለው።

«ምንድን ነው? ዝናቡ መጣች እኮ!»

ትንቢት በጌዲኦኛ ነገረችው። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን አቶ ግዛቸውን አንዴ አየና፣ «ገለባ ቤቴ አለ፣ አመድም አለ» ብሎ ተመልሶ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ደረቅ የቡና ገለባና በባልዲ አመድ ይዞ ደረሰ።

ገለባውን በፈሰሰው ላይ በተንነው። ገለባው እርጥበቱን ጠጣ፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ቡናማ ሆነ። አቶ ግዛቸው ኮታቸውን አውልቀው ጥለው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ገለባውን ከሥሩ ካለው አፈር ጋር በአካፋው እየቆረጡ ወደ ማዳበሪያው ያስገቡ ጀመር። «እኔ ነኝ የደፋሁት፣ እኔ ላንሣው» አሉ፤ ማንንም አላስጠጉም። ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ወይዘሮ አትጠገብም ወርደው የማዳበሪያውን አፍ ያዙላቸው። በመጨረሻ ትንቢት በቦታው ላይ አመዱን ነሰነሰች፤ የሞላውንም ማዳበሪያ እሷና አማኑ ተሸክመው፣ ከጅረቱ ርቆ በጤና ኬላው ጀርባ ለቆሻሻ በተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጨምረው አፈር መለሱበት።

እጃችንን በሳሙና ታጥበን ሳንጨርስ ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም ቅጥቅጡ ውስጥ ገባን። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ በመስኮት ቦዩን እናያለን። ደርቆ የነበረው ቦይ ወዲያው ሞላ፤ ቅጠልና ጭራሮ እያንከባለለ፣ እኛ ቆፍረን ያነሣነውን ቦታ እያጠበ፣ የሠራሁትን ክትር ጥሶ ሳይዘገይ ወደ ኩሬው ገባ። አቶ ግዛቸው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ተከተሉት።

«ሁሉም ተነሥቷል?» ብለው ጠየቁ።

«ከሥሩ አፈሩን ጭምር ነው ያነሡት፣ ጋሼ» አለች ትንቢት። «አይስጉ።»

አዛውንቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሃያ ጊዜ ብትነግሪኝ አልሰማም ነበር። ውሃው ራሱ ነገረኝ።»

አማኑ ሳቀ። «በል እንግዲህ፣ ነገ ጥምቀታችን ላይ እንግዳ ነህ። አንቺም ጭምር» አለ፣ ወደ ባልና ሚስቱ እየተመለከተ።

ዝናቡ ሲያባራ በሣጥኑ የቀረውን ይዘን፣ ክዳኑን አጥብቀን ይርጋጨፌ ገባን። እኔም በሞተሬ ተከትያቸው ሄድኩ፤ አቶ ግዛቸው ብቻቸውን መጠየቁን ፈርተው ነበርና። የሆቴሉ ባለቤት ሶፍያ የምትባል፣ ከወራቤ የመጣች ሴት ናት። አቶ ግዛቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ አቋርጠው፣ በመጨረሻ ተናገሩት፤ መድኃኒት እንዳለበትም አልደበቁም።

«ይኸው ነው?» አለች ሶፍያ። «እኔ እኮ ሰው ሞቶባችሁ መስሎኝ ደነገጥኩ! መድኃኒቱ ያቺን ያህል ከሆነ ታንኩ ትልቅ ነው፣ ይችለዋል፤ ከእንግዲህ ግን ባትጨምሩበት ይሻላል። በጓሮ በኩል ግቡ፤ ማጠቢያ ውሃም አለ። ሁሉ እንዳንተ ቢጠይቅ ምናለበት! ስንቱ አጥሬ ሥር ጥሎ ይሄዳል መሰለህ።»

አቶ ግዛቸው ከጓሮ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ይህችን ፈርቼ ነው በእነኚህ ሰዎች ውሃ ላይ ልደፋ የነበረው?» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ከባልደረባዬ ቤት ተነሥቼ ወደ ኩሬው ስወርድ፣ ባልና ሚስቱ ከሕዝቡ ፈንጠር ብለው ከትንቢት ጋር ቆመው አገኘኋቸው። አቶ ግዛቸው በሌላ ጥያቄ ይዘዋታል።

«ያ ገለባ ፈሳሹን እንዴት ጠጣው! ለምን ሣጥኑ ውስጥ አልጨምረውም?»

«ይቻላል» አለች ትንቢት። «ሽንቱን በሌላ ዕቃ ይለዩት፤ ደረቁ ላይ በየጊዜው አንድ ጭልፋ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይበትኑበት። ሽታውም ዝንቡም ይቀንሳል፤ ሰማያዊው መድኃኒትም አያስፈልግዎትም። ቶሎ ስለማይሞላ በየመታጠፊያው አይጨነቁም። ሲሞላ ግን ትኩሱን ማሳ ላይ አይጣሉት፤ ወደ ደህና ጉድጓድ ነው የሚሄደው። ከመነሣትዎ በፊትም የሚቀጥለው ማራገፊያ የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ነዳጅ የት እንደሚገኝ ይጠይቁ የለ?»

«እሱንማ ሳልጠይቅ አልነሣም!» አሉ አቶ ግዛቸው። «ለመኪናው ያልተረሳ ለሰው ይረሳል?»

ወይዘሮ አትጠገብ ቀበል አድርገው፣ «እኔም ማታ ማታ ሽታውን ፈርቼ መስኮት ከፍቼ በብርድ ከማደር እገላገላለሁ» አሉ።

እውነትም ጥቅሙ ለሁሉም ነው። መንገደኛው ያለ ሐሜትና ያለ ስጋት ይጓዛል፤ መንደሩ ውሃውን ሳይጠራጠር ይጠጣል፤ ሕፃናት በተቅማጥ አይደክሙም፤ እንግዳን በደስታ የተቀበለ አገርም በሌላ ጊዜ ደጁን አይዘጋም። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ጭልፋ ገለባና ትንሽ ድፍረት ነው።

መዝሙሩ ከፍ አለ። ነጭ የለበሰችው ሜሪ ወደ ኩሬው ገባች፤ አማኑና ሌላ ሽማግሌ ክንዷን ይዘው አጠለቋት። ስትወጣ ውሃው ከፀጉሯ እስከ አፏ እየወረደ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። ትንቢት እያለቀሰች እጅዋን አጨበጨበች።

አቶ ግዛቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «መምህር፣ ትናንት ዝናቡ ትንሽ ቢቀድመን ኖሮስ?»

«አልቀደመንም» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ፤ ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው ፈታ አለ። «ተመስገን፣ አልቀደመንም።»