የባትሪ ውሃ

(ቀትር ላይ፣ መተሐራ መውጫ፣ ነዳጅ ማደያ አጠገብ፤ ትብለጥ መኖሪያዋም የሴቶች ጸጉር ቤቷም በሆነው አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ በሩን ቆልፋ ተቀምጣለች፤ ባሏ ደምሰው በአንድ እጁ ፌሮ፣ በሌላው ትንሽ ጀሪካን ይዞ በሩን ከውጭ ይደበድባል።)

ደምሰው፦ ክፈቺ አልኩሽ! ይኼን በር ገንጥዬ አናትሽ ላይ ሳልጥለው ክፈቺ!

ትብለጥ፦ ገንጥለው። ክንዴን የሰበርክ ሰው በር ያቅትሃል?

ደምሰው፦ እኔ አልሰበርኩሽም፤ ወድቀሽ ነው።

ትብለጥ፦ አዎ፣ ወድቄ ነው። ጡጫህ ላይ ወድቄ።

ደምሰው፦ አፍሽ! ይኼ አፍሽ ነው አንድ ቀን የሚያስገድልሽ! ዝቅ አድርጊው፤ ማደያው በሙሉ ወደዚህ ዞሯል።

ትብለጥ፦ ይዙራ! እስከ ዛሬ ግቢህ ውስጥ ስጮህ ማን ሰማኝ? ዛሬ አስፋልት ላይ ነኝ።

ደምሰው፦ ከፋሲካ ወዲህ ግቢዬን አልረገጥሽም። ይኼ ቆርቆሮ ደግሞ ማታ ማታ እኔ ጋ ገብቶ ቻርጅ ካልተደረገ እንደማይሠራ አውቃለሁ። የማን ሶኬት ላይ ነው የምትሰኪው? ስሙን ንገሪኝ። እሱን ገድዬ አንቺን እተውሻለሁ።

ትብለጥ፦ ፀሐይን ግደላት።

ደምሰው፦ ማንን?

ትብለጥ፦ ፀሐይን! ጣራዬ ላይ ናት፤ ውጣና ግደላት። ሶላር አስገጥሜያለሁ።

ደምሰው፦ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ አሉ! ባትሪውን የገጠምኩት እኔ፣ አመሉን የማውቀው እኔ! ሶላርሽ አፍልቶ ውሃውን ይጨርስበታል። ሲደርቅ ሙሽሮቹ እርጥብ ጸጉራቸውን ይዘው፣ እየረገሙሽ ወደ ሠርጋቸው ይሄዳሉ። እኔ ለዚህ ነው የመጣሁት። ይኸው፣ የባትሪ ውሃ ይዤልሽ መጥቻለሁ።

ትብለጥ፦ በፌሮ?

ደምሰው፦ ፌሮው ለውሻ ነው። የማደያው ውሻ ተናካሽ ነው።

ትብለጥ፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

ደምሰው፦ ትብልዬ፣ በናትሽ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል። ሥራሽ ቢቆም እኔ ምን እጠቀማለሁ? ክፈቺ፣ ውሃውን ጨምሬ ልሂድልሽ። ሻይም አልጠይቅሽ።

ትብለጥ፦ በፊትስ ትጨምርለት ነበር?

ደምሰው፦ ሁሌ! ማን ነበር የሚጨምርልሽ?

ትብለጥ፦ ማንም! እሱን ነው የምልህ፣ ማንም! ሶላሩን የገጠመልኝ የአዳማው ኤሌትሪሽያን ክዳኑን ሲከፍተው ውስጡ ክው ብሎ ደርቋል። «ይኼን ባትሪ ሆን ብሎ ያስጠማው ሰው አለ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ሁለተኛውን የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ስሰካ ኢንቨርተሩ እየጮኸ ሲጠፋብኝ «ዕድሌ ነው» እል ነበር። የሰው ጸጉር ጀምሬ ሳልጨርስ፣ ሳይመሽ ወዳንተ ግቢ እሮጣለሁ። በሰንሰለት ብታስረኝ ሰው ያይ ነበር። አንተ በሶኬት አሰርከኝ።

ደምሰው፦ ቆይ፣ ቆይ። ኤሌትሪሽያኑ ወንድ ነው?

ትብለጥ፦ ከዚህ ሁሉ የሰማኸው እሱን ብቻ ነው?

ደምሰው፦ ባትሪው ያለው አልጋሽ ሥር ነው! ወንድ አልጋሽ ድረስ አስገባሽ?

ትብለጥ፦ አልጋዬ ሥር ነው የገባው፤ አልጋዬ ላይ አይደለም። በአፍንጫው አቧራ ሲምግ ውሎ፣ ሲያስነጥሰው ሄደ።

ደምሰው፦ አርድሻለሁ! እሱንም አንቺንም አንድ ላይ ነው የማርዳችሁ! ይኸው! ይኸው!

ትብለጥ፦ ስፖኪዮው ምን አደረገህ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ደምሰው፦ ዳውላው ይቅደም፣ አህያዋ ትከተላለች! የፊት መስታወትሽም ይኸው! ሰማሽ? ቀጥሎ የራስ ቅልሽ ነው እንዲህ የሚረግፈው!

ትብለጥ፦ ሰማሁ። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። በክንድ ጀመርክ፣ ጥርሴን አስከተልክ፣ ዛሬ ደግሞ ልታቀስስ ነው የመጣኸው።

ደምሰው፦ እሺ። እሺ፣ በቃ። ንዴት ነው። አንቺ ነሽ የምታናድጂኝ እንጂ እኔ ለክፉ አልመጣሁም። እንደውም ደርቋል ካለሽ ይኸው፣ ጀሪካኑ። በሩን ተዪው። መስኮቱን ብቻ ገርበብ አድርጊና ጎንበስ ብለሽ ተቀበይኝ። በዚያው ፊትሽንም ልየው።

ትብለጥ፦ ፊቴን?

ደምሰው፦ ናፍቆኛል። ሰው የሚስቱ ፊት አይናፍቀውም?

ትብለጥ፦ አንተ ፊቴ ናፍቆህ አያውቅም። እስኪ እጅህን ታጠብበት።

ደምሰው፦ በምኑ?

ትብለጥ፦ በያዝከው ውሃ። አቧራና ላብ አንድ ላይ ለውሰውሃል። ጠብ አድርገህ ፊትህን አብስበትና ወዲያው እከፍታለሁ። በእመብርሃን፣ በሩን ወለል አድርጌ።

ደምሰው፦ የባትሪ ውሃ ለመታጠቢያ አይሆንም። ይባክናል።

ትብለጥ፦ ጠብታ ናት። ጣትህ ላይ።

ደምሰው፦ አልታጠብም አልኩ!

ትብለጥ፦ ጫማህስ ላይ? ለጫማ አይሳሳም።

ደምሰው፦ ሴትዮ፣ ምንድነው የምታስቢው?

ትብለጥ፦ አንተ ያሰብከውን ነዋ። ደምሰው፣ ስማኝ። ያ አንተ የገጠምከው ባትሪ እዚህ የለም። አሮጌውን አውጥቼ ጣልኩት፤ ኢንቨርተሩንም ለወጥኩ። አሁን አልጋዬ ሥር የተኛው ሊትየም ነው። ዙሪያውን የተደፈነ፣ ክዳን የሌለው፣ ቀዳዳ የሌለው። ዕድሜ ልኩን አንዲት ጠብታ ውሃ አይጠጣም። ይኼን አላወቅህም ነበር፣ አይደል?

ደምሰው፦ ትዋሺያለሽ!

ትብለጥ፦ ታዲያ ጀሪካኑ ለባትሪው ካልሆነ ለማን ነው? ተናገር! ለማን ነው ያመጣኸው?

ደምሰው፦ መስኮቱ ጋ ጠጋ በይና ልንገርሽ።

ትብለጥ፦ ከዚሁ ይሰማኛል።

ደምሰው፦ አይሰማሽም! ሰምቶሽ አያውቅም! ሰው እየመረጠ የሚያይሽ በዚያ ፊትሽ ነው፤ ሙሽራ ስታሰማምሪ ስቀሽ የምትውይው በዚያ ፊትሽ ነው! ያለሱ ማን ዞር ብሎ ያይሻል? ያለሱ የት ትሄጃለሽ? ይኸው መስኮትሽ! ይኸው! እንኪ፣ ቅመሺ!

ትብለጥ፦ ኧረ እናቴ! ላሜራው! ላሜራው፣ ውረድ!

ደምሰው፦ አ... አአአ! እጄ! እጄን! ይኼ ብረት ከየት መጣ?

ትብለጥ፦ የፀሐይ መከለያ ነው። ለሐሩሩ መስኮቱ ላይ ያስገጠምኩት ነው፤ ማሰሪያውን ስለቀው ይወርዳል።

ደምሰው፦ ተመልሶ ጭኔ ላይ ፈሰሰ! ውሃ! ትብለጥ፣ ውሃ ስጪኝ!

ትብለጥ፦ ውሃ ይዘህ አይደል የመጣኸው?

ደምሰው፦ እየጨረሰኝ ነው! ሥጋዬን እየበላኝ ነው!

ትብለጥ፦ ውሃ ሥጋ ይበላል እንዴ?

ደምሰው፦ አሲድ ነው!

ትብለጥ፦ አልሰማሁህም።

ደምሰው፦ አሲድ ነው! አሲድ ነው፣ በወላዲቱ! ላንቺ ነው ያመጣሁት! ፊትሽ ላይ ልደፋው ነበር! በቃ፣ ሰማሽ? ውሃ! ውሃ አድርሺኝ!

ትብለጥ፦ ማደያው ሰምቷል፤ ፖሊስ ጋ እየደወሉ ነው። መጀመሪያ ፌሮውን ወርውረው። ራቅ አድርገህ!

ደምሰው፦ ጣልኩት! ጣልኩት!

ትብለጥ፦ ሱሪህን አውልቅ።

ደምሰው፦ ሰው ፊት?

ትብለጥ፦ ጨርቁ ይዞታል፣ በዘገየህ ቁጥር ወደ አጥንትህ ይገባል! አውልቅ! እኔን አስፋልት ላይ ራቁቴን ስትጎትተኝ ሰው ፊት አልነበረም? አውልቅና ወደ ኋላ ዙር፤ ጸጉር የማጥብበት ቱቦ በኋላው መስኮት ወጥቷል። እጅህን አስቀድም። ዓይንህን እንዳትነካ!

ደምሰው፦ እህህ... እመቤቴ... ጨምሪው። አጠንክሪው!

ትብለጥ፦ ፓምፑ በሙሉ ኃይሉ ነው። አትሽሽ፣ ቁም!

ደምሰው፦ አልሞትም አይደል? አታቁሚው እሺ? ውሃሽ ያልቃል እንዴ?

ትብለጥ፦ በርሜሉ ሙሉ ነው። ባትሪውም አይደክምም።

ደምሰው፦ እጄ እየተላጠ ነው። አየሽው? ትብልዬ፣ ፀሐዩ ይገድለኛል። ክፈቺልኝና ጥላው ውስጥ አስተኚኝ። ምንም አላደርግሽም፣ በምን እጄ? በእግዜር፣ ባልሽ እኮ ነኝ!

ትብለጥ፦ ጭንህን ወደ ቱቦው አስጠጋ። የማደያው ሰዎች የጠሩት ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ውሃውን አልዘጋብህም፤ በሩን ግን አልከፍትልህም።