በጎረቤት ገመድ ላይ የተሰጣ ሙያ

ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ዓመት ብማርም እኔና ሰባተኛ ክፍል ስላልተስማማን ጋሪ ነጂ ሆንሁ። ምክር ለመጻፍ ግን ስምንተኛ ክፍል መድረስ ግዴታ ነው ያለኝ ሰው ስለሌለ፣ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ።

በ1976 ዓ.ም. መስከረም፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ አምቦ ገበያ ዳር ኮርቻ ሰፊውን ኦቦ ቱፋን አገኘኋቸው። ነጭ የሐኪም ጋውን ክንዳቸው ላይ አጣጥፈው ይቸኩላሉ።

«ኦቦ ቱፋ፣ አካም ጅርቱ? ሐኪም ቤት ተቀጠሩ እንዴ?»

«ዝም በል አንተ ቀልማዳ! ለሲንቄ ያሰፋሁት ነው። ዶክተር ትሆናለች።»

ሲንቄ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ናት። የምትቀጥልበትን የትምህርት ዘርፍ መርጣ ሰኞ ልትመዘገብ ነው።

«እሷስ ፈለገች?»

«እሷ ምን ታውቃለች? ይልቅ ባይሳ የሚሠራኝን አላየህም?»

ኦቦ ባይሳ የአጥር ጎረቤታቸው ናቸው። ልጃቸው ሌታ ጎንደር ሕክምና ይማራል፤ ለክረምት ዕረፍት ሲመጣ ጋውኑን ይዞ መጣ። አባትየው ያጥቡትና ገመድ ላይ ይሰቅሉታል፤ ሲደርቅ እንደገና ያጥቡታል። ገመዱ ደግሞ በደንብ የሚታየው ከኦቦ ቱፋ ደጃፍ ነው።

«ሆን ብሎ ነው!» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ቁርሴን ስበላ ያ ጋውን እጅጌውን እያወዛወዘ ይሰድበኛል። የእኔ በስንዝር ይረዝማል፤ ዛሬውኑ እሰቅለዋለሁ!»

«እንግዲያው ጎጆ ከተማ የሆነውን አልሰሙም» አልኳቸው። «አንዱ ጎረቤቱ ፈረስ ቢገዛ ቅናት አንገበገበውና የገዛ በጉን ኮርቻ ጭኖ ተቀመጠበት። በጉ እንደ ፈረስ ለማሽካካት ሲታገል ከርሞ በመጨረሻ የበግነቱ ድምፅም ጠፋበት። አሁን ሲርበው በር ያንኳኳል።»

«ውሸታም!» አሉኝ። ጋሪዬ ላይ አሳፍሬያቸው ትንሽ እንደሄድን ግን፣ «ለመሆኑ ኮርቻውን ማን ሰፋለት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገሩ እንደገባቸው ያን ጊዜ አወቅሁ፤ መግባት ግን መቀበል አይደለም።

ቤት ስንደርስ ሲንቄ ጓሮ ድንች ትኮተኩታለች። ጋውኑን ስታይ መኮትኮቻውን ጣለች።

«አባ፣ እኔ የምፈልገው እርሻ ነው ብዬዎት ነበር እኮ።»

«እኔ ከጭቃ የወጣሁት አንቺ ተመልሰሽ እንድትገቢበት ነው?»

«መርፌ ጣትዎን የወጋዎት ጊዜ ደሙን አይቼ የወደቅሁት እኔ አይደለሁም? ጣትዎን ትተው ውኃ ሲያፈሱብኝ አልነበረም?»

«ይለመዳል!»

«ይለመድ ይሆናል። ጎጆ ከተማ ያለው የአክስቴ ድንች ግን ቅጠሉ ጠቁሮ ሲያልቅ፣ ‹ምን ነካው?› እያልኩ ክረምቱን ሙሉ አሰብኩ። ስለ ሕክምና አንድ ቀን እንደዚያ አስቤ አላውቅም።»

«ድንች ገመድ ላይ ይሰቀላል?» ብለው ጮኹ ኦቦ ቱፋ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩ፣ «ሙያ የምንመርጠው ለልጅቱ ነው ወይስ ለገመዱ?»

ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ መጣ። ኦቦ ባይሳ ነበሩ።

«ቱፋ፣ ልትሰቅል ከሆነ የእኔንም ገመድ ውሰደው።»

«ደግሞ ልታሾፍብኝ?»

«እኔስ በአንተ ስቀና ነው የከረምኩት» አሉ ኦቦ ባይሳ። «ከልጅህ ጋር ስትጨቃጨቁ አጥር ሥር ቆሜ እሰማለሁ። የእኔው ‹እሺ አባዬ› ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሕክምናን የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ‹ምን ትወድ ነበር?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹አሁን ምን ያደርግልዎታል?› አለኝ። ጋውኑን ባላጥብ ከልጄ ምን እጄ ላይ ቀረ?»

ኦቦ ቱፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ጋውን አይቶ ሲቃጠል ሌላው ጭቅጭቅ ሰምቶ ሲቃጠል፣ በመካከላቸው ያ አጥር እሳት አለመነሣቱ ይገርመኛል።

«ሲንቄ» አሉ በመጨረሻ፣ «የእርሻ ሰው ምን እንደሚሠራ በዓይኔ ሳላይ ግን እሺ አልልም።»

ይህ ነው የአባት ወግ! ልጅን ‹እንደፈለግሽ› ብሎ መተውም፣ ‹እንደፈለግሁ› ብሎ መጎተትም ያው ስንፍና ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቱፋንና ሲንቄን በጋሪዬ ጭኜ ጉደር ወሰድኳቸው። እዚያ ፀዳለ የምትባል የእርሻ ባለሙያ ነበረች። ኦቦ ቱፋ የጥያቄ መዓት አወረዱባት፤ ሥራው ምን ያስለቅሳል? ሴት ልጅን ገበሬው ይሰማል? ሐሳቧን ብትቀይርስ ሌላ በር ይከፈትላታል? ፀዳለም ሳትሸነግል መለሰች፦ ጭቃው ብዙ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ይስቁብሻል፤ ሐሳብን መቀየርም ዓመት ያስከፍላል እንጂ አይከለከልም። ሲንቄ ሁሉንም ሰምታ፣ «ቢሆንም» አለች። ኦቦ ቱፋ ሳቁና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰኞ ራሳቸው ወስደው እርሻ አስመዘገቧት።

ወላጆች ሆይ፣ ጥቅሙን ልንገራችሁ። ተጠይቆ የመረጠ ልጅ ሲከብደው ሥራውን ይታገላል፤ የተመረጠለት ግን ሲከብደው አባቱን ይታገላል። ኦቦ ባይሳም ከሌታ ጋር ወሬ ጀምረዋል አሉ፤ እስካሁን ከ«እሺ» አልፈው «እንጃ» ላይ ደርሰዋል።

የዚያን ቅዳሜ ከጉደር ስንመለስ አባትና ልጅ ከኋላዬ ያወራሉ። «እሺ፣ ከዚያስ ምን ታስቢያለሽ?» ይላሉ እሳቸው፤ እሷ ትቀጥላለች። እኔን በአሥራ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። በልጅቱ ቀናሁ። ወደ አምቦ ስንቃረብ ፈረሴ እንደ ልማዱ ሊሮጥ ሲል ልጓሙን ሳብኩት፤ ወሬው እንዳያልቅብኝ።