የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ሽማግሌው የበር እጀታና የመብራት መቆሚያ በመዳብ ሲለብጡ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጥርሳቸውን የነቀሉበት ሙያ ነው። ከእጃቸው የወጣ ዕቃ ፊት ያሳያልና ሰፈሩ «ጋሼ መስታወት» ብሎ ሰየማቸው፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። አንድ ጠዋት የተለበጠ ዕቃ ያጠቡበትን የማለቅለቂያ ውሃ በባልዲ ይዘው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ሊደፉ ሲወጡ፣ የእህታቸውን ልጅ ውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ አገኟት። ውሃ መመርመሪያ ቤት የምትሠራ የተማረች ልጅ ናት። ከሱቁ በላይ ካለው አረንጓዴ ውሃ በጠርሙስ ትቀዳለች።

«ምነው ልጄ፣ ቆሻሻውን ትቀጂያለሽ? ከእኔ ሱቅ በታች ያለው እኮ እንደ መስታወት ነው። ያን አረንጓዴ ዝቃጭ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሏት ኮራ ብለው።

እውነታቸውን ነው፤ ከሱቁ በታች ድንጋዩ ሁሉ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ የወደደውን ንጹሕ ይለዋል።

ልጅቱ ባልዲውን አየት አደረገችና በአክብሮት ዳር ዳር እያለች የእናቷን የዓሣ ኩሬ አነሳች። ኩሬው ከዚሁ ወንዝ፣ ከሱቁ ዝቅ ብሎ ይሞላል። ከተቆፈረ ጀምሮ ዓሦቹ ሁለት ዓመት ሙሉ እየከሱ ቢያስቸግሯት እናቷ ሆድ ብሷት ዓሣ የምታወጣበትን ባለ እጀታ መረቧን «ለሚፈልግ ስጥልኝ» ብላ እዚሁ ወንድሟ ሱቅ ጥላዋለች። በወሩ መጨረሻ ኩሬውን ልታደርቀው ነው። ጋሼ መስታወት ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ «ዓሣ መቀለብ አታውቂበትም» እያሉ ሲወቅሷት ከርመዋል።

«ጋሼ፣ አረንጓዴው ቆሻሻ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው» አለች። «እያንዳንዱ በዓይን የማይታይ፣ መላ አካሉ አንዲት ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጡር ነው። እሱን ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል፣ እነሱን ደግሞ ዓሣው። እርስዎ የሚደፉት ውሃ ውስጥ ያለው መዳብ እድገቱን ይገታዋል።»

«መዳብ እኮ ለሰውም ይጠቅማል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«እውነትዎን ነው፤ ለእሱም ጥቂት ያስፈልገዋል። ጨውም ምግብ ያጣፍጣል፤ እፍኝ ሙሉ ሲሆን ግን ማን ይቀምሰዋል?»

አላመኗትም። በአንድ ባልዲ ወንዝ አይሞትም ብለው ሙግት ገጠሙ። እሷም ነገር ሳታበዛ ከአረንጓዴው ውሃ በሦስት ብልቃጥ እኩል እኩል ቀዳች። አንዱን እንዳለ ትታ፣ ሁለተኛው ላይ ከማለቅለቂያው ጥቂት ጠብታ፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ማንኪያ ራሳቸው እንዲጨምሩ አደረገች። እሳቸውም እንዳታታልላቸው ብልቃጦቹን የሱቃቸው መስኮት ላይ ደረደሯቸው።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። መሸነፍ አይወዱምና ሦስተኛውን ብልቃጥ እንደ በሽተኛ ያስታምሙት ጀመር፤ ፀሐይ ወደዞረችበት ያዞሩታል፣ አቧራውን ይጠርጉለታል። በስምንተኛው ቀን የመጀመሪያው ለምልሞ፣ ሁለተኛው ገርጥቶ፣ ሦስተኛው ግን ልክ እንደ ወንዛቸው ጥርት ብሎ ቁጭ አለ። ልጅቱ ማይክሮስኮፕ ይዛ መጥታ አሳየቻቸው። በመጀመሪያው ጠብታ ውስጥ አረንጓዴዎቹ እየተከፈሉ ይባዛሉ፤ በሦስተኛው የተኮማተሩ ጥቂቶች ብቻ ቀርተዋል።

ጋሼ መስታወት ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። «እህቴን ነበር የምወቅሰው» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ኖሯል። ምን ይሻላል ልጄ?»

«ሙያዎን ይተዉ አላልኩም፣ ጋሼ።»

ዕቃው ከሚለበጥበት የመዳብ ፈሳሽ ገንዳ ሲወጣ ቸኩለው ከማለቅለቅ ይልቅ፣ የሚንጠባጠበው መዳብ እንዲመለስ እዚያው ገንዳው ላይ ሰቅለው እንዲያንጠፈጥፉት መከረቻቸው። ማለቅለቂያውን በበርሜል አጠራቅመው መዳቡን በኖራ ወደ ታች እንዲያዘቅጡት፣ ዝቃጩንም ብረት መልሰው ለሚያነጥሩ እንዲሰጡ፣ የቀረውን ውሃ እሷ ሳትመረምረው እንዳይለቁት ነገረቻቸው። ያኑ ዕለት እህታቸው ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ኩሬውን ሳታደርቅ እንድትቆይላቸውም ለመኗት።

በአራት ወር ያልቅ የነበረው መዳብ ስድስት ወር ዘለቀላቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እሳቸው ግን መዳቡንም ወንዙንም በእጃቸው ይዘው ከምንም ሳይቆጥሩ ኖረዋል። ቀስ በቀስ ከሱቁ በታች ያለው ድንጋይ አረንጓዴ ለበሰ፤ ዓሦቹም ሥጋ አወጡ።

እህታቸው በደስታ ልትነግራቸው ስትመጣ መረቧን ከግድግዳው አውርደው ሰጧት። «ፈላጊ አላገኘሁለትም» አሉ። የተበጠሰው ተጠግኗል፣ የብረት እጀታው ተወልውሏል። እሷም ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ከዚህ ሱቅ ሳይለበጥ የወጣ እጀታ አይታ አታውቅም።

«ምነው ወንድሜ፣ ሳትለብጠው?»

«ውሃ ውስጥ የሚገባ አይደል?» አሉ ጋሼ መስታወት።