እምቢ ያልኩት መላጊያ

ቅዳሜ ጠዋት ካገሬ ልጅ ከጌታቸው ጋር እዚህ ሰው አገር፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ የሚሸጥበትን ጋራዥ ሴል ስንዞር፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ካወጣው የዱሮ ዕቃ መሃል የእንጨት መላጊያ አየሁ። ተራ መላጊያ እንዳይመስላችሁ! ስለቱን በሩቁ ያየ ዝንብ ለሁለት ተከፍሎ ይወድቃል። እጀታውን እየዳበስኩ አልለቅ ስል ሽማግሌው፣ "ውሰደው፣ በነጻ ነው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ጨዋ ያሳደገኝ ነኝና፣ "ኧረ አይሆንም!" አልኩ። "በሞቴ ውሰድ!" እስኪለኝ እየጠበቅሁ እኮ ነው! ሰውዬው "ኦኬ" አለና ወደ ጌታቸው ዞረ። "አንተስ?" ሲለው፣ ጌታቸው ጥያቄው ሳያልቅ "ቴንኪው!" ብሎ መላጊያውን ከእጄ ወሰደ።

"አንተ ቀማኛ፣ የኔን?"

"እምቢ ስትል ሰማንህ እኮ፣ ጋሽ ጨዋው!"

በቅናት አንጀቴ ሲላግ ይሰማኛል። ይባስ ብሎ መኪናው ውስጥ ስንገባ፣ "እኔ ስነዳ ያዝልኝ" ብሎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ሰፈራችን አርሊንግተን እስክንደርስ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፌው ተጓዝኩ። አንዴ "በቃ ውሰደው" ቢለኝ፣ አፉን ሳይዘጋ "ቴንኪው" ልለው ተዘጋጅቻለሁ። እሱ እቴ! መብራት በያዘን ቁጥር ዞር እያለ፣ "እንዳትጥለው" ብቻ ይለኛል።