የሚወድቅ መስታወት የያዘው ሰው

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ጎረቤቶች፣ የመስታወት ቤቱ ባልደረቦቼ፤ ፀሐዩን ችላችሁ ስለቆማችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። እኔ ንግግር አላውቅም። የማውቀው መስታወት መቁረጥ ነው። እሱንም ያስተማረኝ ይኸው እዚህ የተኛው ሰው ነው።

ሥራ ቤት ስሙን ትተን «አቶ ግን» ነበር የምንለው። እውነትም ነገር አያሳልፍም። «ደህና አደርክ?» ብትሉት «ደህና አድሬያለሁ፣ ግን...» ይላችኋል። ከእኔ ጋር ደግሞ ዘወትር የሚያነታርከን አንድ ጉዳይ ነበር። እኔ፣ ሰው ለሰው ብሎ ራሱን የሚረሳው ፈጣሪ ከራሱ የሆነ ነገር ስላስቀመጠበት ነው እላለሁ። እሱ «ባክህ ልማድ ነው» ይላል። «ዶሮም ለጫጩቷ ብላ ጭልፊት ላይ ትዘላለች።»

ያቺን ድመት ታስታውሷታላችሁ? በር ላይ ባቆምነው መስታወት ራሷን አይታ ጠጉሯን ያቆመችውን? «አየህ» አልኩት፤ «እሷ ራሷን አታውቅም። ሰው ያውቃል። ይሄን ማን ሰጠው?» ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አንተም ጠዋት ጠዋት ፊትህን ስታይ ትደነግጣለህ» አለኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱም ቢሰማ ይስቅ ነበር።

ማክሰኞ የሆነውን ሰምታችኋል። ያየሁት ግን እኔ ነኝ። የሥራችን የመጀመሪያ ትምህርት ምንድን ነው? የሚወድቅ መስታወት አይያዝም። ዘወር በል፣ ይሰበር። ይሄን ለሁላችን ያስተማረን ማን ነው? እሱ ነው። ግድግዳው ላይ የተደገፈው መስታወት በሙሉ ዘመም ሲል እኔ ከሥሩ ጎንበስ ብዬ ስባሪ እለቅም ነበር። እሱ ዘወር አለ። እንዳስተማረን ዘወር አለ። ድኖ ነበር እኮ። ከዚያ ተመለሰ።

ቀና ስል ፊቱን እዚያው መስታወት ውስጥ አየሁት። የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር። ልማድ ቢሆንማ መጀመሪያውኑ አይሸሽም። ሰውነቱ ሸሸ፤ እሱ ተመለሰ። ያ የተመለሰው ማን ነው? ከየት መጣ? በጀርባው ደግፎ ያዘውና «ውጣ» አለኝ። ወጣሁ።

ይኸው ረታሁህ፣ ወንድሜ። ስንት ዓመት የተከራከርኩበትን አንተው አረጋገጥክልኝ። ምን ያደርግልኛል? ያን ልብ የሰጠህ ፈጣሪ ከሆነ፣ መስታወቱን ራሱ ለምን አልያዘውም? ለምን አንተን አስያዘህ? ከማክሰኞ ወዲህ ለጸሎት ስቆም አፌ አልከፈት ይለኛል።

የባሰው ግን ይሄ አይደለም። ትናንት ልጁ፣ ይቺ እናቷ አጠገብ የቆመችው፣ እጄን ይዛ «ጋሼ፣ አባዬ የተመለሰው አስቦ ነው ወይስ ሳያስብ?» አለችኝ። «አስቦ ነው» አልኳት። ያባቷ ታላቅነት እንዲገባት ብዬ ነው። እጄን ሳትለቅ «እኔንም አስቦኝ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አስቦሽ ነው ብላት፣ አንቺን ትቶ እኔን አዳነ ማለቴ ነው። አላሰበሽም ብላት፣ ይሄንንስ ለአንዲት ልጅ በየትኛው አፌ እናገራለሁ? ከእናንተ መልስ ያለው ካለ እዚሁ ይንገራት።

አመሰግናለሁ ልልህ ነበር የመጣሁት። እሷ እያየችኝ እንዴት ብዬ? ምነው ባልተመለስክ፣ ወንድሜ። ደህና ሁን።