ባርባ ድሮሶስ የጠሩት ስም

የአቴናዋ መርከብ ዘግይታ ነበርና ጋዜጣዬን እስክታመጣልኝ ወደቡ ዳር ካለው ቡና ቤት ጎራ ብል ባርባ ድሮሶስን አገኘኋቸው። በደሴታችን በካሊምኖስ ሽማግሌን ሁሉ ባርባ እንላለን። እሳቸው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መዘምር ናቸው፤ ወንጌሉን በቃላቸው ይወጡታል፣ ያዳምጡታል ማለት ግን አይደለም። በማግስቱ የሟች ወንድማቸውን የልጅ ልጅ ክርስትና ሊያነሡ ነበር። በእኛ ወግ የሕፃኑን ስም በካህኑ ፊት የሚጠራው የክርስትና አባቱ ነው፤ እሱ ካለ አለቀ፣ ወላጅ እንኳ አይመልሰውም።

ጣጣውም ያ ስም ነው። የሕፃኑ አባት ቴሜሊስ ገና ጡት ሳይጥል፣ አባቱ ኖሚኮስ፣ የባርባ ድሮሶስ ወንድም፣ ከባሕር ወለል ስፖንጅ ሊለቅም ጠልቆ እዚያው ቀረ። ቴሜሊስን ያሳደገው የእንጀራ አባቱ ሳኬላሪስ ነው። የበኩር ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ስለሚወርስ፣ ባርባ ድሮሶስ “የወንድሜ ስም ይነሣ” አሉ። ቴሜሊስ ደግሞ “ሳኬላሪስ ይባልልኝ” ብሎ ቢለምን እምቢ ተባለ።

መርከቧ ስትደርስ ሴቫስቲ ወረደች። የቀድሞ ተማሪዬና የባርባ ድሮሶስ የጎረቤት ልጅ ናት፤ አቴና ነገረ መለኮት ትማራለች። ሻንጣዋን አስቀምጣ እጃቸውን ሳመች።

“እንኳን ደኅና መጣሽ፣ ሊቂቱ! ባል ትተሽ መጽሐፍ አገባሽ አሉ።”

“መጽሐፍ ይሻላል ባርባ፤ እራት አቅርቢ አይልም። ቴሜሊስን እምቢ አሉት አሉ? ወሬው መርከቡ ላይ ነው የተቀበለኝ።”

“አዎ፣ ብያለሁ። አባት የወለደ ነው። ወንድሜ መቃብር እንኳ የለውም፣ ልጄ። ስሙም ከቀረ ሁለተኛ ሰጠመ ማለት ነው።”

 እኔም ለቴሜሊስ ባደላም አንጀቴን በሉት።

ሴቫስቲ ረጋ ብላ ተቀመጠች። “ኀዘንዎን አልነካም። ግን ፓቴር፣ አባት የሚለውን ቃላችንን መጽሐፉ ለወላጅ ብቻ ነው እንዴ የሚሰጠው? አብርሃምን አባታችን እንላለን፤ እኛ ግሪኮች ከሱ ዘር ነን? ድንኳን ተክሎ ከብት ማርባት የጀመረው ሰው የድንኳን ነዋሪዎች ሁሉ አባት ተብሏል። ጳውሎስ እንኳ ሚስት ሳይኖረው የቆሮንቶስን ምእመናን በወንጌል የወለድኳችሁ እኔ ነኝ ብሏቸዋል።”

“ሰይጣንም የሐሰት አባት ተብሏል። በሱ ስም ልጥራው?”

ሳቄ አመለጠኝ። ባርባ ድሮሶስ በነገር አይቻሉም።

“እሱም አባት የተባለው ወልዶ አይደለም፤ ልጆቹ ሥራውን ስለሚሠሩ ነው። ቴሜሊስስ የማንን ሥራ ይሠራል? አረማመዱ እንኳ የሳኬላሪስ ነው።”

“ይሄ ሁሉ ምሳሌ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ቤት አባት ነው።”

“እሺ፣ ዮሴፍስ?”

“ያዝኩሽ!” ጠረጴዛውን መቱት። “ወንጌሉ ራሱ ‘እንደመሰላቸው’ የዮሴፍ ልጅ ነበር ነው የሚለው። ሰው መሰለው እንጂ!”

“ልክ ነዎት፤ ሰው መሰለው። እናቱስ? ልጁ ጠፍቶ ቤተ መቅደስ ሲያገኙት፣ አባትህና እኔ በጭንቀት ስንፈልግህ ነበር ያለችው እሷ ናት። ማን እንዳልወለደው ከሷ የበለጠ ማን ያውቃል? እያወቀች አባትህ አለችው። አብሯት ተጨንቆ የፈለገው እሱ ነዋ!”

 ባርባ ድሮሶስ ያዘዙትን የተጠበሰ የባሕር እንስሳ፣ ኦክቶፐስ፣ ሳይነኩ ገፋ አደረጉት።

“ቴሜሊስ የጠፋ ጊዜ ትዝ ይልሃል፣ መምህር?” አሉኝ።

እንዴት አይለኝም! ልጅ ሳለ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ ማዕበል ወሰደው። ሳኬላሪስ ብቻውን ቀዝፎ ሄዶ፣ ከማዶው ደሴት ጀርባ ከድንጋይ ሥር አግኝቶ አመጣው። የሳኬላሪስ መዳፍ ከመቅዘፍ ብዛት ተልጦ ነበር።

“ኖሚኮስን ከወሰደብኝ ወዲህ ባሕሩን ፈራሁት። ያን ቀን እኔ ቤቴ ሻማ አበራሁ፤ ሳኬላሪስ ወጣ።”

“ኖሚኮስ ቢኖርስ ምን ያደርግ ነበር?” አለች በቀስታ።

“ይወጣ ነበር።”

“ታዲያ በሱ ፈንታ የወጣውን ማክበር ኖሚኮስን መርሳት ነው?”

ባርባ ድሮሶስ ተነሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ሳኬላሪስ በሩ አጠገብ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሟል። ካህኑ ስሙን ሲጠይቁ ባርባ ድሮሶስ ሕፃኑን ታቅፈው ወደ በሩ ዞር አሉ። ከዚያ በዚያ በመዘምር ድምፃቸው “ሳኬላሪስ!” አሉ።

“አቤት!” አለ ሳኬላሪስ ከበሩ፣ የተጠራ መስሎት።

“አንተን አይደለም፣ የልጅ ልጅህን ነው!” አሉት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ቴሜሊስ ግን አለቀሰ፣ እኔም እፎይ አልኩ።

ወግ ይከበር፤ ለሙታን የሚቆረቆር ወግ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ያሳደገ ሲከበር ልጅ ያለ ሐፍረት አባቴ ይላል፣ ዘመድ አይቆራረጥም፣ የሌላ ሰው ልጅ ማሳደግም የሚያስመኝ ሥራ ይሆናል። የሞተውም ቢሆን አይጎድልበትም። በግብዣው ላይ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንሥቶ “ለኖሚኮስ!” ያለው ሳኬላሪስ ነው።